በተዝካሩ ውኃ የቀዳችው

ንግሥቴ ትምህርት ቤት የዋለችው ሦስት ዓመት ነው። በአራተኛው ዓመት አባቷ ጥጃ ጠብቂ ብለው አስቀሯት፤ ጥጃዋም ሞተች፣ እሷም ሳትመለስ ቀረች። ስለዚህ ፊደል ትለያለች እንጂ ቶሎ አታነብም። አንድ ገጽ ስታነብ ምስር እንደሚለቅም ሰው ናት፣ ዝቅ ብላ፣ አንድ አንድ እያለች። ይህን ራሷ ትናገራለች፣ አታፍርበትም። የምታፍርበት ነገር ቢኖር የሰው ነገር ከአፏ ቢወጣ ነበር፤ እሱ ደግሞ ደርሶባት አያውቅም። በመንደሯ በላይ ዝግባ ሴት ከባሏ ስትጣላ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲቀያየም፣ የተደበቀ ነገር ሆድ ሲያስጨንቅ፣ ሁሉም ወደ ንግሥቴ ይመጣል። ምክር ፍለጋ አይደለም፤ ምክሯ ደረቅ ነው፣ ሰው ማባበል አታውቅበትም። የሚመጡት እሷ ዘንድ የገባ ነገር ስለማይወጣ ነው። ሆድ ካገር ይሰፋል የሚባለው ለእሷ የተተረተ ይመስላቸው ነበር።

ላይ ዝግባ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ይህ የሆነው መንገዱም ትምህርት ቤቱም ሳይዘጋ በፊት ነው። በጥቅምት፣ በርበሬው ቀልቶ የሰው ሁሉ እጅ በሚያቃጥልበት ሰሞን፣ ስምንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአይሱዙ መጽሐፍ ጭነው መጡ። ነጭ ካናቴራ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ እውቀት ለሁሉም ይላል። የሚማሩት የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ነው ሲባል ሰው ገረመው። መጽሐፍ ማንበብስ ይሁን፣ መጽሐፍ መደርደር ደግሞ ምን ትምህርት አለው? የንግሥቴ የወንድሟ ልጅ ደስታው፣ እኛም የማዳበሪያ ከረጢት ስንደረድር ኖረናል፣ ዲግሪያችንን ይስጡን ብሎ ሰዉን አሳቀው።

ተማሪዎቹ ግን የዋዛ አልነበሩም። ባዶውን የማዳበሪያ መጋዘን ጠርገው፣ ኖራ ቀብተው፣ መደርደሪያ ሠርተው ንባብ ቤት አደረጉት። ሁለት መቶ አሥራ አራት መጽሐፍ አገቡበት። ከሥራው ጎን ለጎን ሰውን በየዛፉ ሥር እየሰበሰቡ ስለ ሴት መብት፣ ያለዕድሜ ስለሚዳሩ ልጆች፣ ሕግ ስለማወቅ ይናገሩ ነበር። አንዳንዱ ሰው ሰማ፣ አንዳንዱም አዛጋ።

ቁልፉን ማን ይያዝ ሲባል ወንዶቹ የቀበሌውን ጸሐፊ ስመኘውን አሉ። ስመኘው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ ይወዳል እንጂ። ሴቶቹ ከኋላ ሆነው እርስ በርስ ተያዩ፣ ማንም አልተነሣ። ንግሥቴ ተነሣች። ስመኘው ቁልፍ ከያዘ አንዲት ሴት በዚያ በር እንደማትገባ፣ ብትገባም ምን መጽሐፍ እንዳነሣች እሷ ሳትደርስ ወሬው ቤቷ እንደሚደርስ ተናገረች። ሰው ሳቀ፤ ስመኘውም አብሮ ሳቀ፣ ውሸት አይደለማ። አንዱ ሽማግሌ ግን፣ በቅጡ የማታነብ ሴት እንዴት መጽሐፍ ትጠብቃለች ብለው ጠየቁ።

"ቀፎ የሚጠብቅ ሁሉ ማር መሥራት ያውቃል ወይ?" አለቻቸው።

ቁልፉ ለእሷ ሆነ።

ሥራውን ያስተማረቻት ፀደይ የምትባለው ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ልጅ። ያደገችው ፍኖተ ሰላም ከአክስቷ ዘንድ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ ሞተውባታል። ሁለቱን ወር ያረፈችው ከንግሥቴ ቤት ነበር። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ቁጥር እንዴት እንደሚለጠፍ አሳየቻት። ማኅተሙ በፊተኛው ገጽ ይመታል፤ ደግሞ በአሥራ ሰባተኛው ገጽ ይደገማል። ሌባ የፊቱን ገጽ ቢቀድ አሥራ ሰባተኛውን አያስበውም ስትላት ንግሥቴ ወደደችው። ከሁሉ በላይ ግን የወደደችው የመጨረሻውን ትምህርት ነው። ማን ምን መጽሐፍ እንደተዋሰ በአንባቢውና በጠባቂዋ መካከል የሚቀር ነው፤ ለባል አይነገርም፣ ለቀበሌ አይነገርም፣ ለማንም አይነገርም አለቻት።

"እንደ ነፍስ አባት?" አለች ንግሥቴ።

"እንደ ነፍስ አባት ነው፣ እማማ። የኛ ሥራ ዋናው ሕግ እሱ ነው።"

ንግሥቴ ያን ቀን ሥራው የእሷ መሆኑን አወቀች። ይህማ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሠራው ሥራ ነው፤ ስም እንዳለው ግን አታውቅም ነበር።

ተማሪዎቹ የሰጧት መዝገብ መስመር የተሰመረበት ነው፤ ቀን፣ የመጽሐፍ ቁጥር፣ የተዋሰው ሰው ስም። ቁጥር መጻፍ አላቃታትም። ስሙ ላይ ግን ቆመች። አንደኛ እጇ ዘገምተኛ ነው። ሁለተኛ ስም የተጻፈበትን መዝገብ የከፈተው ሁሉ ያነበዋል፤ ታዲያ የቱ ላይ ነው ምስጢሩ? ሁለት ቀን ስታስብበት ሰነበተችና የራሷን ዘዴ አመጣች። በስም ፈንታ ምልክት መሣል ጀመረች።

ምልክቱን ያወጣችው ከባሏ ተዝካር ነው። ይታገሱ ሞቶ በአርባው ተዝካሩን ስታወጣ ሰው ያለውን ይዞ መጥቶ ነበር። ከዚያ አራት ዓመት ሆነው፤ ማን ምን እንዳመጣ ግን አንዱንም አልረሳችም፣ የሐዘን ቀን ውለታ መቼም አይረሳ። ወለተ ሐና ጌሾ ነበር ያመጣችው፤ ስለዚህ ለእሷ የጌሾ ቅጠል። የቄሱ ሚስት በወንፊት የተነፋ ዱቄት፤ ለእሷ ወንፊት። ሰብሊ እንጨት ተሸክማ መጥታለች፤ ለእሷ ሦስት ሰረዝ። እንዲህ እያለ የሃያ ሦስት ሴት ምልክት ወጣ። መዝገቡን ያየ ሰው ልጅ የጫረው ነበር የሚመስለው። ስመኘው አንድ ቀን ገልጦ አይቶ፣ እማማ ንግሥቴ ሠዓሊ ሆነዋል ብሎ ስቆ ዘጋው።

እንስራ ደግሞ ነበረች። እንስራዋ ያምሮት ናት።

ያምሮት የደስታው ሚስት ናት። በተዝካሩ ጊዜ ከገባች ሦስት ወሯ ነበር፤ በስሟ የምታመጣው ነገር ስላልነበራት ከጧት እስከ ማታ ከምንጩ ውኃ ስትቀዳ ዋለች። አሥራ ስምንት እንስራ ቀድታለች፤ ንግሥቴ ቆጥራዋለች። አሁን ደስታው ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ሲሄድ ያምሮት ወደ ንባብ ቤቱ ትመጣለች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ስለነበር ታነባለች። የምታነበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሰማንያ ሰባት ቁጥር፣ የቤተሰብ ሕግ። አንዳንዴ ተውሳው ሄዳ ከጎታው ሥር ትደብቀዋለች።

ንግሥቴ አልጠየቀቻትም። አንድ ቅዳሜ ያምሮት ራሷ ሻሿን ገልጣ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ቁስል አሳየቻት። ከዚያ ሐሳቧን ነገረቻት። በመጋቢት የመሬት ሠራተኞች የይዞታ ደብተር ሊያድሱ ይመጣሉ። ደብተሩ የእሷም የደስታውም ፎቶ ያለበት ነው፤ ግን እሱ ከሳጥኑ ቆልፎበታል፣ አሳይቷት አያውቅም። በእድሳቱ ቀን ማውጣቱ ግድ ነው፣ ባልና ሚስት አብረው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ከሠራተኛው ፊት ግልባጭ እጠይቃለሁ፤ ግልባጩን ይዤ ቡሬ ፍርድ ቤት እገባለሁ፤ ድርሻዬን ይዤ እወጣለሁ አለች። ቀድሞ ከሰማ ግን ደብተሩን ያጠፋዋል፣ ባዶ እጄን እቀራለሁ። እስከ መጋቢት የሚያስፈልጋት ዝምታ ብቻ ነበር።

ደስታው የንግሥቴ ሥጋ ነው፤ ወንድሟ ሲሞት አቅፋ ያሳደገችው። ልቧ ሁለት ሆነ። ቢሆንም አፏ አንድ ነው። "አልሰማሁሽም" አለቻት፤ በላይ ዝግባ ንግሥቴ እንዲህ ካለች መሐላ ነው።

ፀደይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለ ምልክቶቹ ስትጠይቅ ነበር። በርበሬ አብረው እየቀነጠቡ፣ ይቺስ ምንድን ናት፣ ይሄስ ለምን ቅጠል ሆነ ትላለች። ንግሥቴ ነገር ታዞርባት ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ልጅቱ ወባ ያዛት፤ ንግሥቴ አምስት ቀን አስታመመቻት። ስትድን አልቅሳ፣ እናቴ ከሞቱ ወዲህ ግንባሬን የነካኝ ሰው የለም፣ የጡት ልጅ ያድርጉኝ አለቻት። ንግሥቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፣ ሁለቱም መተማ ወርደው ቀርተዋል። ወለተ ሐናን ለምስክር ጠርታ፣ አውራ ጣቷን ማር ነክራ አስጠባቻት። እንዲህ ያለው ነገር በአገሩ ጨዋታ አይደለም፤ የጡት ልጅ ወርሶ ይቀብራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀደይ እማማ ማለቷን ትታ እማ አለቻት።

ልጅ ከሆነች ደግሞ ምን ይደበቃታል? በሳምንቱ ፀደይ ስትጠይቃት ንግሥቴ ምልክቱ ከተዝካሩ መሆኑን ነገረቻት። የጌሾውን፣ የወንፊቱን፣ የእንስራውን ሁሉ ዘረዘረችላት። ልጅቱ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሰማች። እማ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው፣ መጽሐፍ ላይ የለም፣ ፎቶ ላንሳው አለች። ንግሥቴ አይሆንም አለች። ለትምህርቴ ነው አለች ልጅቱ። ለምንም ቢሆን አይሆንም፣ ከዚህ አጥር አይውጣ አለች ንግሥቴ።

"አይወጣም እማ" አለች ፀደይ፣ "የጠባሁት ማር መርዝ ይሁንብኝ።"

ኅዳር ሃያ አንድ ጽዮን ማርያም ነበረች። ንግሥቴ የማርያም ቅዳሴ አያመልጣትም፣ በጧት ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ፀደይ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። የንባብ ቤቱ ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው ከምሰሶው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ንግሥቴ ስትመለስም እዚያው ነበር፤ ምን ትጠርጥር?

ተማሪዎቹ በታኅሣሥ ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ተመለሱ። በየካቲት መጨረሻ መልእክት መጣ። ፍኖተ ሰላም ትልቅ ዝግጅት አለ፣ የላይ ዝግባ ሰዎች ተጋብዘዋል፣ እማማ ንግሥቴ የምስክር ወረቀት ትቀበላለች ተባለ። አይሱዙ ተላከ። አሥራ አራት ሰው ተጫነ። ደስታው ከፍኖተ ሰላም የሚገዛው የውኃ መሳቢያ ጎማ ስለነበረው እሱም ተጫነ። ንግሥቴ ለጥምቀት የለበሰችውን ቀሚስ ለብሳ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። መጋቢት ሊገባ አሥር ቀን አልቀረውም።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው በፎቶ ተሞልቷል። ንግሥቴ ገብታ ቀና ስትል ከመካከል የራሷን ሥዕል አየችው። የመዝገቧ ገጽ ነው፤ በር የሚያህል አድርገው አትመውታል። ጌሾው፣ ወንፊቱ፣ እንስራዋ፣ የተጣመመው መስመሯ ሳይቀር። አንድ አፍታ ደስ አላት። ሦስተኛ ክፍል የቀረች ሴት የጫረችውን አገር ቆሞ ሲያየው፣ ደስ አላት። ያቺን አፍታ ነው በኋላ ለራሷ ይቅር ያላለቻት።

ከዚያ እንዴት እዚህ መጣ ብላ አሰበች። አሳቧ ሳይቋጭ ፀደይ ድምፅ ማጉያ ይዛ ወጣች።

ልጅቱ ሸጋ አድርጋ ተናገረች፣ መቼም አትታማም። ያልተማረች የገጠር እናት የአንባቢን ምስጢር ለመጠበቅ በዓለም የሌለ ዘዴ ፈጠረች አለች። አስተማሪዎቿ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስም አልጠራም፣ የአንባቢ ምስጢር ነውና፣ ከማስታወሻዬም ስሞቹን ሁሉ አጥፍቻለሁ አለች። ዘዴው እንዲገባችሁ ያህል ግን ብላ ዘንግ አነሣች። ምልክቶቹ በእማማ ባለቤት ተዝካር ዕለት ሴቶቹ ያበረከቱት ነገር ነው አለች። ዘንጉ እንስራዋ ላይ አረፈ።

"ለምሳሌ ይቺ እንስራ ያን ቀን ውኃ ስትቀዳ የዋለችውን ሴት ታሳያለች። ይቺ ሴት ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቤተሰብ ሕግን አምስት ጊዜ ተውሳለች። እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው አገር የሚለውጡት።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ከላይ ዝግባ የመጡት አሥራ አራቱ ሰዎች በሁለተኛው ረድፍ ነበሩ፤ እነሱ አላጨበጨቡም። ሁሉም ተዝካሩን በልተዋል። ውኃ የቀዳችውን የማያስታውስ አንድም አልነበረም። የጌሾዋንም፣ የወንፊቷንም፣ የእንጨቷንም፤ እያንዳንዱ ግድግዳውን እያየ የሚስቱን ምልክት ይፈልግ ነበር።

ደስታው ከኋላዋ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው።

"አክስቴ፣ በጋሼ ይታገሱ ተዝካር ውኃ የቀዳችው ማን ነበረች?"

"እኔ ነኝ" አለች ንግሥቴ። በሕይወቷ ያን ያህል ቶሎ የመለሰችው ነገር የለም።

"ባለተዝካር ውኃ ይቀዳል?" አለና ፈገግ ብሎ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ወደ ውጭ ወጣ።

ንግሥቴ ተነሣች። የምስክር ወረቀቱ ገና አልተሰጠም፤ ስሟ ሊጠራ ነው ብለው ሊያስቀምጧት ሞከሩ፤ ማን ሊያስቀምጣት። ፀደይ እየሮጠች በሩ ላይ ደረሰችባት። ወዴት ነው እማ፣ ደስ አላለዎትም አለች። ንግሥቴ ያነሣሽው በማርያም ዕለት ነው ወይ ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ልጅቱ ወደ ግድግዳው ፎቶ ዞር አለች። ቀጥላ፣ መመረቂያዬ ነው እማ፣ በዚህ ነው የምመረቀው፣ አስተማሪዬ ፎቶው ከሌለ አይቆጠርም አለኝ አለች። ደግሞም ስም አልጠራሁም አለች።

"ስም?" አለች ንግሥቴ። "እኛ አገር ሰው በስሙ ነው የሚታወቅ? ሰው የሚታወቅ ባደረገው ነው።"

ፀደይ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ንግሥቴ ከልጅቱ ፊት ላይ አየችው፤ ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ላይ አመድ መሰለች። ከዚያ በላይ ግን ቆማ አላየቻትም።

በሚኒባስ እስከ መገንጠያው መጣች። ከዚያ በእግሯ ነው። የሁለት ሰዓቱን መንገድ በአንድ ሰዓት ተኩል ሄደችው፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ። ከደስታው በፊት መድረስ ችላለች፤ ከስልኩ በፊት ግን አልቻለችም። ያምሮት በግቢው መካከል ቁጭ ብላ አገኘቻት። የደስታው ወንድም መጥቶ ሳጥኑን እንዳለ ተሸክሞ ሄዷል። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷ ግን አውቃለች። ንግሥቴ የሆነውን ልትነግራት ጀመረች። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ማመካኛ መሰላት። ልጅቱ ናት ያወጣችው ብትል፣ ልጅቱን ማን አመጣት? የጡት ልጄ ናት ከዳችኝ ብትል፣ ያምሮት ያመነችው ማንን ነበር? መካከል ላይ ተወችው።

ያምሮት አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ቁልፉ በአንቱ እጅ አልነበረም?"

"ነበር።"

"ምልክቱን ያወጡት አንቱ አይደሉም?"

"ነኝ።"

"እንግዲያውስ" አለች ያምሮት። ገባችና ነጠላዋን ደረበች፣ ከጎታው ሥር መጽሐፉን አወጣች፣ ከብብቷ ሥር አደረገች። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም፣ እናቷ ቤት ነው የምትሄደው፤ በዚያ ሰዓት በእግር ሩቅ ነው። ንግሥቴ ልሸኝሽ አለች። ያምሮት ወደ ኋላ አላየችም። አሥራ ስምንት እንስራ ውኃ የቀዳችላት ሴት በጉድባው ተሻግራ ሄደች።

ንግሥቴ በቀጥታ ንባብ ቤት ሄዳ መዝገቡን አወጣችና ከግድግዳው ሥር አቃጠለችው። ሲቃጠል ሞኝነቱ ገባት። ፍኖተ ሰላም በር ያህል ሆኖ ተሰቅሎ ይታያል፤ እሷ እዚህ ወረቀት ታነዳለች። ቢሆንም እስኪያልቅ ድረስ አልተነሣችም።

ደስታው አክስቱን አልሰደበም። በመንገድ ሲያገኛት ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ይነሣና ያልፋል፤ ያ ከስድብ ይከፋ ነበር። በመጋቢት የመሬት ሠራተኞቹ ሲመጡ ደብተሬ ጠፋ ብሎ ተመዘገበ፤ ሚስትህስ ቢሉት ጥላኝ ኮብልላለች አለ። ሌሎቹ ሴቶች መምጣት አቆሙ። እያንዳንዷን ባሏ ምን ስታነቢ ነበር ብሎ ጠይቋታል። ሰብሊ መንገድ ላይ አይታት መንገድ ቀየረች። ወለተ ሐና የማታነበውን የሥዕል መጽሐፍ ከትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት ትወድ ነበር፤ እሷ እንኳ መጽሐፉን ከአጥሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሳትጣራ ሄደች። ንግሥቴ ግን በየቀኑ ትከፍታለች፣ ትጠርጋለች፣ በሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ማታ ትዘጋለች። ለምን ትከፍቻለሽ ላላት ሰው፣ ቁልፉ የተሰጠኝ እንድዘጋው አይደለም ትል ነበር።

በሚያዝያ ተማሪዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። ንባብ ቤቱን ለቀበሌው ሊያስረክቡ ነው፤ ለዚህ መጽሐፍ ሁሉ መቆጠር አለበት። የሚቆጥረው ናሁሰናይ የሚባለው ረጅሙ ተማሪ ነበር፤ ጸሐፊው ስመኘውም ሊረከብ ቆሟል። ፀደይ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገጥማ ይዛለች። ንግሥቴን ስታይ እማ ብላ ልትስማት መጣች። ንግሥቴ እጇን ብቻ ዘረጋችላት፣ ለእንግዳ እንደሚዘረጋ።

ናሁሰናይ ቆጥሮ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት አገኘ። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው። የጎደለው ሰማንያ ሰባት ቁጥር ነው አለ። ማን ዘንድ ነው? ጠፋ አለች ንግሥቴ። መዝገቡን ያሳዩን አላት። አቃጠልኩት አለች። ልጁ ደነገጠ፤ መዝገብ የሚያቃጥል የመጽሐፍ ጠባቂ አይቶም ሰምቶም አያውቅ። እማማ፣ ማን እንደተዋሰው ቢነግሩን እኮ ያልቃል፣ ካልሆነ የርክክቡ ቅጽ ላይ በእርስዎ ስም ነው የሚጻፈው፣ ቁልፉንም መመለስዎ ነው ብሎ ለመናት። ስመኘውም ለመናት፤ ማን እንደወሰደችው አገር ያውቀዋል፣ ምን ያስጨንቅዎታል አላት።

"አገር ካወቀ አገርን ጠይቁ። ከእኔ አፍ አትሰሙም።"

ያን ጊዜ ናሁሰናይ ትዝ አለው። ወደ ፀደይ ዞሮ፣ ፎቶው አንቺ ጋ አለ አይደል፣ መጨረሻ ላይ የወሰደችው እንስራዋ ነበረች፣ እንስራዋ ማን ናት፣ አንቺ ንገሪንና ይለቅ አለ። ሁሉም ፀደይን አያት። ንግሥቴም አየቻት። ልጅቱ መስታወቱን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። የዛሬው ቃሏ ንግሥቴን ከቅጹ ሊያወጣት ይችል ነበር። ያለበለዚያም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መዝገቡን ያቃጠለችው በእኔ ምክንያት ነው ብትል ይበቃ ነበር። እሱንም አላለችም።

"አልናገርም" አለች ቀስ ብላ። "የአንባቢ ምስጢር ነው።"

ንግሥቴ ሳቀች። ያምሮት ከሄደች ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ተማርሽ" አለቻት።

ናሁሰናይ ቅጹ ላይ ጻፈ፤ ሰማንያ ሰባት ቁጥር፣ በጠባቂዋ እጅ የጠፋ። ንግሥቴ ፊርማዋን ምስር እንደምትለቅም ፈረመች። ከፍኖተ ሰላም ከተመለሰች ወዲህ ከአንገቷ ያልለየችውን ቁልፍ አውልቃ ለስመኘው ሰጠችው። ፀደይ የሰጠቻትን የምስክር ወረቀት መደርደሪያው ላይ ትታው ወጣች። ፀደይ እስከ አጥሩ ተከትላት አለቀሰች፣ ይቅርታም ለመነች፤ ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው ያደረግኩት አለች። ንግሥቴ አልተቆጣቻትም፣ አላባበለቻትም። በደህና ይግቡ፣ መንገዱ ሳይመሽ ይሂዱ አለቻት፣ ለማታውቀው የከተማ ሰው እንደሚባለው በአክብሮት። ልጅቱ ከለቅሶዋ የበለጠ ያቺ አክብሮት ያመመቻት ይመስላል፤ አፏን ይዛ ተመለሰች።

ከፋሲካ በኋላ፣ ጎረቤቷ ሃይለ ሚካኤል ከግሽ ዓባይ ጠበል ተጠምቆ ሲመለስ በገበዝ ማርያም በኩል መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከስልቻው አውጥቶ ሰጣት። ለንግሥቴ ስጥልኝ ብላ አንዲት ሴት ከገበያው ዳር አስቆመችኝ አለ። ንግሥቴ ጨርቁን ሳትፈታ በእጇ መዘነችው፤ አወቀችው።

"ደህና ናት?"

"ቆማ አየኋት።"

"ምን አለች?"

"ስጥልኝ አለች።"

"ሰላምታስ?"

ሃይለ ሚካኤል ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ። ከገበዝ ማርያም እስከ ላይ ዝግባ ሰው ሰላምታ ሳይልክ እቃ አይልክም፤ ለጠላቱም ቢሆን እንዴት ናችሁ ይላል። "ሰላምታ አላለችም" አላት።

ከቤት ገብታ ጨርቁን ፈታችው። ሰማንያ ሰባት ቁጥር ነው። አንድ ገጽ አልጎደለም፣ ጠርዙ አልታጠፈም። ያምሮት የተዋሰችውን መልሳለች፤ ከዚህ በኋላ በመካከላቸው ምንም የቀረ ነገር የለም ማለት ነው። ንግሥቴ አሥራ ሰባተኛውን ገጽ ገለጠች። ማኅተሙ እንዳለ ነው፣ ሰማያዊ፣ ክብ። ከሥሩ ያለውን መስመር አንድ አንድ እያለች አነበበች፣ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ስለሚለው፤ እስከ መጨረሻው ሳትደርስ መጽሐፉን ዘጋችው።

ለስመኘው ወስዳ ብትሰጠው ከቅጹ ስሟ ይሠረዝላታል። ምናልባት ቁልፉም ይመለስላት ይሆናል፤ ስመኘው እንደሆነ በሩን መክፈት ሰልችቶታል፣ ንባብ ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ግን ስመኘው መጀመሪያ የሚጠይቃት ከየት መጣ ብሎ ነው። ቀጥሎ ደስታው ይሰማል። ሚስቱ የት እንዳለች እስካሁን እርግጠኛ አይደለም፤ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ ቋሪት ይላል።

ንግሥቴ መጽሐፉን በዚያው ጨርቅ መልሳ ጠቀለለችው። ከሣጥኗ ሥር፣ ይታገሱ ከተገነዘበት የተረፈው አቡጀዴ በታች አስገባችው። ሃይለ ሚካኤል ከውጭ ቆሞ፣ የመጣው ምንድን ነው፣ ደግ ነገር ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

"ምንም አልመጣም" አለችው። "አንተም ምንም አላመጣህም።"

በላይ ዝግባ ንባብ ቤት የርክክብ ቅጽ ላይ ሰማንያ ሰባት ቁጥር ዛሬም በጠባቂዋ እጅ የጠፋ እንደተባለ ነው።